ጧሪ ይቅደም፥ ቀባሪ ይከተል

በአገራችን ልጅ ለተወለደለት ሰው ከሚሰጡት ምርቃቶች አንዱ «ጧሪ ቀባሪ ያድርግልህ» የሚለው ነው። ይህ ምርቃት ሁለት ሥራ በአንድነት ይዞአል፤ አንደኛው ወላጅ ሲያረጅና ሲደክም መደገፍ ነው፥ ሁለተኛው ሲሞት በክብር መቅበር ነው። አባቶቻችን ጧሪን አስቀድመው ቀባሪን ማስከተላቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሥራው ተራ እንዲህ ነውና። እኛ ግን ሁለተኛውን ሥራ በሚያስደንቅ ሥርዓት አደራጅተን ሳለን፥ የፊተኛውን ለአጋጣሚ ትተነዋል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፌ የጧሪነት ሸክም በቤተ ሰብ መካከል እንዴት መከፈል እንደሚገባው ጥቂት ቃል ለመናገር አስቤአለሁ።

አስቀድመን የዕድርን ሥርዓት እንመልከት። ዕድር በአዲስ አበባ ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ወዲህ የታወቀ፥ ከጣልያን ወረራም በኋላ በየሰፈሩ የተስፋፋ ማኅበር ነው። ዳኛ አለው፥ ጸሐፊ አለው፥ ገንዘብ ያዥ አለው፤ የአባሎቹ ስም በመዝገብ ተጽፎአል፤ መዋጮ በየወሩ ይከፈላል፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ከየካ ሚካኤል እስከ ኮተቤ፥ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ እንጦጦ ግርጌ ባሉት ሰፈሮች ሰው በሞተ ጊዜ፥ ወዲያው ድንኳኑ ይተከላል፥ ወንበሩ ይደረደራል፥ ድስቱና ሳሕኑ ከዕቃ ቤት ይወጣል፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ተግባር ስለሚያውቅ «ማን ምን ይሥራ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነገር ግን ያ ሟች ከመሞቱ አስቀድሞ 5 ወይም 6 ዓመት በአልጋ ላይ ተኝቶ እንደ ሆነ፥ በእነዚያ ዓመታት ማን እንዳጠበው፥ ማን እንዳጐረሰው፥ በሌሊትም ማን እንደ ተነሣለት የሚጽፍ መዝገብ የለም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ሁላችንም እናውቀዋለን። አምስት ልጆች ባሉበት ቤት አንዱ ባሕር ማዶ ተሻግሮ ገንዘብ ይልካል፤ አንዱ በንግድ ሥራ ተጠምዶ ይውላል፤ አንዲቱ ባል አግብታ ወደ ሩቅ አገር ሄዳለች፤ አንዱም የልጆች አባት ሆኖ ኑሮው ከብዶታል። ከእናቲቱ ጋር በቤት የቀረችው ታናሺቱ ናት። አንቺ ጡሪ ብሎ ያዘዛት የለም፥ ትችያለሽን ብሎ የጠየቃትም የለም፤ ነገር ግን ቀኑ በቀኑ ላይ ሲጨመር ሥራው ሁሉ በእርሷ ላይ ወደቀ። እናቲቱ በመጀመሪያ ነገር ይረሳሉ፤ ቀጥሎ በደጃፍ ላይ አዳልጧቸው ይወድቃሉ፤ በኋላም ያለ ደጋፊ መነሣት ያቅታቸዋል። ልጂቱ የደመወዝ ሥራዋን ትታ፥ እንቅልፏን አጥታ፥ ወገቧን እያመማት ታስታምማለች። ወንድሞቿና እኅቶቿ ለፋሲካና ለመስቀል ስኳርና ቡና ይዘው ይመጡና፥ «ምነው እንዲህ ከሱ? ለምን ወደ ሐኪም ቤት አልወሰድሻቸውም?» ብለው ጠይቀው ይሄዳሉ። እንዲህም በመሆኑ የሚወቀሰው ያልሠራው ሳይሆን የሠራው ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ይህች ልጅ ሸክሙ የከበዳት እናቷን ስለማትወድ አይደለም፤ የአምስት ሰው ድርሻ ብቻዋን ስለ ተሸከመች ነው።

በፍርድ ቤት ጽሕፈት የሚውል ሰው የዚህን ነገር ፍጻሜ በመዝገብ ላይ ያነበዋል። ሁለት ዓይነት መዝገብ አለ። አንደኛው የቀለብ አቤቱታ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ ማለት አዋጅ ቍጥር 213፥ ወላጅ ችግረኛ ሆኖ ሠርቶም ለመኖር የማይችል ሲሆን፥ ልጆቹ ምግቡን፥ መኖሪያውን፥ ልብሱንና ጤናውን እንደ አቅማቸው የማሟላት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ሽማግሌው በትር ተደግፎ ልጁን ሲከስ ማየት ለማንም የሚያሳዝን ነው፤ ይሁን እንጂ መብቱ መሆኑን ያላወቀ ሽማግሌ በረሃብ ከሚጐዳ ቢያውቀው ይሻላል።

ሁለተኛው መዝገብ ከቀብር በኋላ የሚከፈተው የውርስ ክርክር ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሟች ኑዛዜ ያልተወ እንደ ሆነ ልጆቹ ሁሉ እኩል ይካፈሉ ይላል። ፍርዱ ቅን ነው፤ ነገር ግን ሰባት ዓመት ያስታመመችው ልጅ በዓመት ሁለት ጊዜ ከመጣው ወንድሟ ጋር እኩል ቆማ ቤቱ ሲሸጥ ታያለች፤ ራሷም መጠጊያ ታጣለች። ወላጅ ልጁን በዚህ ረገድ ሊያስብላት ቢወድ፥ አእምሮው ሳይደክም፥ ማንም ሳያስገድደው፥ በ4 ምስክሮች ፊት በሚነበብ ኑዛዜ ፈቃዱን ሊገልጥ ይችላል። ይህንንም ማለቴ ልጆች የውርስ ተስፋ እያዩ ይጡሩ ለማለት አይደለም፤ ሳይነገር የቀረ ነገር ወንድማማቾችን እንደሚያጣላ ለማሳሰብ ነው።

ሕግ ግን እስከዚህ ድረስ ብቻ ይሄዳል። ቀለብ ያስቈርጣል እንጂ በሌሊት ተነሥቶ ውኃ የሚያቀብል እጅ አይሰጥም። ስለዚህ ሥራው ፍርድ ቤት ሳይደርስ በቤት ውስጥ መከፈል አለበት።

ማስታመምን የአንድ ሴት ሥራ አድርጎ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ከራስጌአችን ያለው የእንጦጦ ተራራ አንድ ታሪክ ያስታውሰናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ዛሬ ስትሮክ በምንለው ደዌ በብርቱ ተመትተው በአልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ፥ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ባለቤታቸውን ያስታምሙ ነበር፤ በመንግሥቱም ሥራ ትልቅ እጅ ነበራቸው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መኳንንቱ ተማክረው፥ እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን አንሥተው ንጉሠ ነገሥቱን በማስታመም ብቻ እንዲወሰኑ አደረጉ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ እቴጌይቱም ወደ እንጦጦ ወጥተው በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ሲኖሩ ቈይተው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። የመኳንንቱ የፖለቲካ ምክንያት ሌላ ነው፤ ለእኛ ግን አንድ ነገር ያስተምረናል። በዚያ ታላቅ ግቢ እንኳ ማስታመም ከዋናው ሥራ የተለየ ሰው የሚወሰንበት ሥራ ሆኖ ተቈጠረ። ዛሬም በየቤታችን «አንቺ ሥራ የለሽም፥ እናታችንን ጠብቂ» የምንለው ያንኑ አሳብ ይዘን ነው። ማስታመም ራሱ ሥራ ነው፤ ያውም ከሥራ ሁሉ የከበደ።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ለዚህ ይረዳናል። አባትንና እናትን ማክበር ከዐሠርቱ ትእዛዛት የሚቈጠር መሆኑን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ከዚህም ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባ፥ ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ መስጠቱ ነው። አደራውን በአየር ላይ አልተወውም፤ ተቀባዩን ለይቶ ሰጠ እንጂ። እስላም ወገኖቻችንም ዘንድ ለወላጅ በጎ ማድረግ ከታላላቆቹ ግዴታዎች አንዱ ነው። እንግዲህ በሃይማኖታችን ሁሉ የታዘዘውን ነገር፥ ማን ምን እንደሚሠራ ለይተን ብንናገር ነውር የለበትም።

በየካና በእንጦጦ አካባቢ የሚጦሩት እነማን እንደ ሆኑ ማሰብም ይገባናል። ከእነርሱ ብዙዎቹ በምኒልክ ዘመን የመጣውን የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ 30 ኪሎና ከዚያም በላይ አስረው፥ በጀርባቸው ተሸክመው ከተራራው ቍልቍል ሲወርዱ የኖሩ እናቶች ናቸው። ዛሬ ጐብጠው በበትር የሚሄዱት ዕድሜ ብቻ አጕብጧቸው አይደለም፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ሸክም ነው። የእነዚህ እናቶች ልጆች ዛሬ በተራቸው ሲሸከሙ ሸክሙን መካፈል ያቅታቸዋልን?

አሁን ወደ ድርሻው እንምጣ። በእኔ አሳብ በአንድ ቤት ያለው የጧሪነት ሥራ በአራት ይከፈላል።

የመጀመሪያው የሐኪም ቤት ድርሻ ነው። ይህን የሚይዝ ልጅ የቀጠሮውን ቀን ይጽፋል፥ ወላጁን ይዞ ይሄዳል፥ ሐኪሙ ያለውንም ሰምቶ ለሌሎቹ ይነግራል። ሽማግሌ ዐይኑ ሲፈዝ «እርጅና ነው» ብሎ መተው ታላቅ ጥፋት ነው። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ምርመራ፥ ከዐይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ ምክንያት እንደ ሆነ ተረጋግጦአል፤ ሞራ ደግሞ በአጭር ቀዶ ሕክምና ተነሥቶ በሰው ሠራሽ ሌንስ የሚተካ ነው። በዚሁ በየካ ክፍለ ከተማ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዐይን ሕክምናው የታወቀ ስለ ሆነ ለእኛ መንገዱ ሩቅ አይደለም። የደም ግፊትም እንዲሁ ነው፤ ሳያሳምም ይገድላልና፥ ተሻለኝ ብሎ ክኒኑን ማቋረጥ አይገባም፤ በወጥ ውስጥ የሚጨመረውም ጨው ይቀነስ፤ ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ይበቃል። ወደ ሐኪም ሲኬድ በቤት ያለው መድኃኒት ሁሉ በአንድ ከረጢት ተይዞ ይቅረብ፤ ሁለት ሐኪም ያዘዘው ተደርቦ እንዳይጐዳ። የሽማግሌው ፊት ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ፥ አንድ እጁ ከዛለ፥ ወይም አንደበቱ ከተሳሰረ፥ ያ የስትሮክ ምልክት ስለ ሆነ ነገ ሳይባል በዚያችው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ሁለተኛው የገንዘብ ድርሻ ነው። በውጭ አገር ያለ ልጅ የሚልከው ገንዘብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለበዓል ብቻ ከሚመጣ ብዙ ገንዘብ፥ በየወሩ የሚመጣ ጥቂት ገንዘብ ይበልጣል፤ መድኃኒት በየወሩ ያልቃልና። በየወረዳው የሚሰበሰበውን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ በጊዜው መክፈልም ከዚህ ድርሻ ይቈጠራል። ለጧሪዪቱም ራሷ መተዳደሪያ ይታሰብላት፤ ሥራዋን ትታ የተቀመጠች እኅት የወንድሞቿን እጅ እያየች ሳሙና መለመን አይገባትም።

ሦስተኛው በቤት ውስጥ ያለው የዕለት ሥራ ነው። ይህ ድርሻ ከሁሉ የሚከብድ ስለ ሆነ ለአንድ ሰው ብቻ ሊሰጥ አይገባም። በብዙዎቹ አሮጌ ሰፈሮች ሽንት ቤቱ ከቤት ውጭ በግቢ ዳር ነው፤ በክረምት ጭቃው ያዳልጣል። ስለዚህ በሌሊት ፖፖ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጥ፥ መብራትም ለእጅ ቅርብ ይሁን፤ የሚያደናቅፍ ምንጣፍ ይነሣ፥ በሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚያዝ እንጨት ይመታ። ሽማግሌ አንድ ጊዜ ወድቆ የዳሌው አጥንት ከተሰበረ ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞው ኑሮው አይመለስም። የእንጦጦ ከፍታ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ከግርጌው ያሉ ቤቶች ብርድ ይበዛባቸዋል፤ ይሁን እንጂ ከሰል አንድዶ በር ዘግቶ መተኛት ሕይወትን የሚያጠፋ ነው፤ ብርድ ልብስ መደረብ ይሻላል። ከአልጋ የማይነሣን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጐኑን መለወጥ፥ ልብሱንም ደረቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ገላው ይቈስላል። ጥርስ ለሌለው ሰው ገንፎ፥ አጥሚት፥ ወተትና እንቍላል ይዘጋጅ፤ ውኃም ጠማኝ እስኪል ሳይጠበቅ ይሰጠው፤ በእርጅና የጥማት ስሜት ይቀንሳልና።

አራተኛው የጨዋታ ድርሻ ነው። ሽማግሌ እንጀራ ብቻ አይበቃውም፤ ታሪኩን የሚሰማው፥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ የሚያደርሰው፥ ፀሓይ ላይ የሚያስቀምጠው ሰው ይፈልጋል። ይህን ድርሻ የልጅ ልጆች እንኳ ሊይዙት ይችላሉ። መጃጀት የመጣበት ሰው አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ቢጠይቅ፥ ልጁንም ባያውቅ፥ በቍጣ አይመለስለት፤ መጃጀት የአእምሮ ደዌ ነው እንጂ ክፋት ወይም የልጅነት አመል አይደለም። በቀስታ መመለስ፥ የቤቱንም ዕቃ ቦታ አለመለዋወጥ ይረዳዋል። ነገሩም በድንገት የመጣ እንደ ሆነ በሌላ ሕመም ወይም በመድኃኒት ምክንያት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

በእነዚህ አራት ድርሻዎች ላይ አንድ የማይታለፍ ደንብ ይጨመር፤ ይኸውም ለዕለት ሥራው ባለቤት ዕረፍት መስጠት ነው። በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሌላው ልጅ መጥቶ ይተካት። ሌሊቱን ሲነቃ ያደረ ሰው በማግሥቱ ይቈጣል፥ የመድኃኒትም ሰዓት ይረሳል፥ በመጨረሻም ራሱ ይታመማል፤ ያን ጊዜ በአንድ ቤት ሁለት በሽተኛ ይሆናል። ለጧሪዪቱ ማዘን ለእናቲቱ ማዘን ነው። ወንዶች ልጆችም «ይህ የሴት ሥራ ነው» ብለው አይሽሹ፤ አባትን አጥቦ ማልበስ ለወንድ ልጅ ክብር ነው።

በእኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ ክርክር የሚያነሣ ሌላ ነገርም አለ፤ እርሱም የጸበልና የመድኃኒት ነገር ነው። ወደ እንጦጦ ጸበል የሚሄዱ አረጋውያን አንዳንዶቹ «እምነት ያጐድላል» ተብለው ክኒናቸውን ያቋርጣሉ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ ሕሙማን ሲናገሩ፥ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፥ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ለሕዝብ ገልጠዋል። ለግፊትና ለስኳር ሕሙማንም አሳቡ ያው ነው። ስለ ጾምም ቢሆን፥ ቤተ ክርስቲያናችን በሕማም ለደከመ ሰው የምትራራ ስለ ሆነች፥ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሽማግሌ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን አማክሮ ይጹም እንጂ ልጆቹ በራሳቸው ፈቃድ አያስጹሙት፥ አያስገድፉትም።

ልጅ የሌላቸው፥ ልጅም እያላቸው የተጣሉ አረጋውያን ጉዳይ ደግሞ የሁላችን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል። ከየካ በስተ ምሥራቅ በአያት አካባቢ የሚታወቀው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢንያም በለጠ ተመሥርቶ፥ ከየጐዳናው የተነሡትን ብዙ ሰዎች ይጦራል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቤት ጧሪ ላጣ ሰው መጠጊያ ነው እንጂ አምስት ልጅ ላለው ሰው ማራገፊያ አይደለም። ዕድሮቻችንም ለዚህ ሥራ እንግዶች አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ከቀብር አልፈው ወላጅ አልባ ሕፃናትንና ደካሞችን በመርዳት ዐይተናቸዋል። በየዕድሩ ከሚዋጣው ጥቂት ቀንሶ በሰፈሩ ያለ ጧሪ የቀረውን ሽማግሌ መጠየቅ፥ ለጧሪዪቱም ጐረቤት ለአንድ ከሰዓት በኋላ ተተክቶ እንዲቀመጥላት ማድረግ የሚከብድ ነገር አይደለም።

እንግዲህ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ምክሬ ይህ ነው። ወላጆቻችሁ ገና በእግራቸው ሲሄዱ፥ አእምሮአቸውም ሙሉ ሳለ፥ በአንድ እሑድ ቀን ቡና አስፈልታችሁ ተቀመጡ። በውጭ አገር ያለውም በስልክ ይግባ። አስቀድሞ ወላጅ ራሳቸው ይጠየቁ፤ የት መኖር ይወዳሉ? ማን ቢያጥባቸው አያፍሩም? ምን ይፈራሉ? ሽማግሌ እንደ ዕቃ ከቤት ወደ ቤት የሚዛወር አይደለምና ቃሉ ይሰማ። ከዚያ በኋላ አራቱን ድርሻ ተካፈሉ፥ የዕረፍቱንም ቀን ለዩ፥ በወረቀትም ጻፉት። የማይስማሙ ቢኖሩ የንስሐ አባት ወይም የሰፈር ሽማግሌ በመካከል ይግባ። በየስድስት ወሩም ተሰብስባችሁ፥ ሕማም ሲጨምር ድርሻው እንዲሻሻል አድርጉ።

ወንድማማች ስለ እናቱ ወረቀት ይጽፋልን የሚል ሰው ቢኖር፥ ለድንኳንና ለድስት መዝገብ የያዝን ሰዎች ለእናታችን አንድ ወረቀት ብንጽፍ አይበዛባትም ብዬ እመልስለታለሁ። ዕድሩ ቀብሩን ያውቅበታል፤ ከቀብሩ በፊት ያሉት ዓመታት ግን የእኛ ናቸው።